እንዳታጠፉት፤ ነፍስ አለበት

ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ "ትንሹ" ነው የምንለው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባዬ ቤት ተሰብስበን ሳለ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ ካርቶን አወረደና አቧራውን እፍ ብሎ ፊቴ ላይ በተነው።

"እትዬ፣ ይሄን አይተሽው ታውቂያለሽ?"

አላውቀውም ብል ደስ ባለኝ። ካርቶኑ በሲባጎ ታስሯል። ቋጠሮው የአባዬ ነው፤ አባዬ የቋጠረውን ራሱ ካልፈታው በጥርስም አይፈታም። ትንሹ በቢላ ቆረጠው። ውስጡ አንድ ጥቁር ፍሎፒ ዲስክ፣ ተጣጥፎ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ትልቅ ሚሊሜትር ወረቀት፣ አንድ የክብሪት ሣጥን፣ ከደብተር የተቀደደ ብጣሽ ወረቀትም ነበር። ብጣሹ ላይ በልጅ እጅ፣ ፊደሎቹ እየወደቁ እየተነሱ፣ "እንዳታጠፉት። ነፍስ አለበት።" ይላል። ልጅቷ እኔ ነኝ።

"ጌም እኮ ነው!" አለ ትንሹ ፍሎፒውን እያገላበጠ። ሥራው የሞተ ኮምፒውተር ማስነሳት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ዓይኑ ይበራል። "ማንበቢያው ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አሁኑኑ አስነሳዋለሁ።"

"ተወው።"

"ለምን?"

"ተወው አልኩህ እኮ!"

"ኧረ ምን ሆነሻል? ጌም ነው፣ ቦምብ አይደለም።"

ምን ልበለው? አሥራ ስድስት ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ተማሪ መጥቶ "በግራ ጎኔ ተነስቼ ነው ፈተና የወደቅኩት" ቢለኝ ከክፍል ነው የማስወጣው። ግን እዚያ ፍሎፒ ውስጥ አንዲት ነፍስ ቀርታለች። የማን እንደሆነች ደግሞ አውቃለሁ፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ ብስኩት ይበላ ነበር።

አባዬ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። የተኛ ይመስላል እንጂ ከቤቱ ወሬ አንዲት ቃል አታመልጠውም። "አባዬ፣ አንተ ንገረው እንጂ!" አልኩት። ጉልበቱ ላይ ያረፈው እጁ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

ኮምፒውተሩ ቤታችን የገባው ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው። አባዬ ቀያሽ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ማሽን ሲያስመጣ አሮጌዎቹን ለሠራተኛው አከፋፈለ፣ አንዱ ለአባዬ ደረሰው። የመሬት ስፋት ሲያሰላ የኖረ ማሽን መጥቶ የምግብ ጠረጴዛችንን ግማሽ ያዘ። ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርግና ጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ይዘንባል። ሲሞቅ የአቧራና የላስቲክ ሽታ አለው። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ካገኘኝ ዞሬ ማሽኑን እፈልጋለሁ።

ጌሙን የሰጠው አንድ የሥራ ባልደረባው ነው። ፋኖስ የያዘ አንድ ትንሽ ሰው አርባ ክፍል ያለው ቤት ውስጥ ጠፍቶ መውጫ ይፈልጋል። በር አለ፣ መሰላል አለ፣ ጉድጓድ አለ። ስክሪኑ ላይ፣ ከላይ በግራ ጥግ፣ ሦስት ሚጢጢ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል።

"እነዚህስ ምንድን ናቸው?" አልኳት እማዬን።

"ነፍሱ ናቸው። ጉድጓድ ሲገባ አንዷ ትሄዳለች፣ በሌላዋ ይነሳል።"

"ሦስት ጊዜ መሞት ይችላል ማለት ነው?"

"ሦስት ጊዜ። ታድሎ!" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ሆዷም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ሆዷ ኪቦርዱን ሊደርስበት ምንም አልቀረውም።

አክስቴ፣ የእማዬ ታላቅ፣ ከጓዳ ብቅ አለች። "አንቺ ሴትዮ! ሁለት ነፍስ ሆነሽ እዚህ ተጎልተሽ ትውያለሽ? እግርሽን ስቀይ እንጂ!"

እኔ ወዲያው ቆጠርኩ። ትንሹ ሰውዬ ሦስት፣ እማዬ ሁለት። "እኔስ ስንት ነኝ?" ስላት እማዬ ጉንጬን ቆንጥጣ "አንቺማ ነፍሴ ነሽ" አለችኝ። እንግዲህ እኔ አንድ ነኝ፣ እሱም የሷ ነው። ሂሳቡ ለቀናት ሲያምታታኝ ከረመ። ሁለት ነፍስ የሚባለው እርጉዝ ሴት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ለምን ይንገረኝ? ሁሉም ሰው ያውቀዋላ።

በጌሙ ከእማዬ የሚስተካከል አልነበረም። አባዬ በየጉድጓዱ ይገባል። "መሬት ሲለካ የኖረ ሰው እንዴት ጉድጓድ አይታየውም?" እያለች ትስቅበታለች። እሱም ቱግ ይልና "ይሄ መሬት አይደለም፣ ይሄ ተንኮል ነው" ብሎ ይነሳል። እሷ ስትጫወት እኔ አጠገቧ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፣ ጣቶቿን አያለሁ። ቀለበቷን በሳሙና ካወለቀችው በኋላ ጣቶቿ እንደ ትራስ አብጠው ነበር። ራሷን ያማታል። "ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል" ትላለች። "ይሄ ስክሪን ነው ያሳወረሽ!" ትላታለች አክስቴ፣ እኔም ስክሪኑ ነው ብዬ አመንኩ። ዛሬ ማንኛዋም አዋላጅ እነዚያን ምልክቶች ሰምታ ከወንበሯ ትነሳለች። የእርግዝና ደም ግፊት ነው። እኛ ግን መብራቱን ቀነስንላት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ቤት ለብሼ ስወጣ እማዬ ጌሙ ላይ ነበረች። ሃያ ሦስተኛው ክፍል ደርሳለች፤ አንዳችንም ደርሰንበት የማናውቀው፣ ወለሉ ለሁለት የተሰነጠቀ ክፍል ነው። ጉድጓዱ ሰፊ ነው፣ በሩ ከማዶ ነው። ሁለት ነፍስ ቀርቷታል። ልትነሳ ሞከረች፣ መልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ጠረጴዛውን ይዛ የማላውቀውን ድምፅ አሰማች። አባዬና አክስቴ ግራና ቀኝ ደግፈው አወጧት። በሩ ላይ ስትደርስ ወደኔ ዞረች።

"እንዳታጠፊው እሺ? ስመለስ እጨርሰዋለሁ።"

የሰማኋት የመጨረሻ ነገር ይሄ ነው።

ያኔ "ማጥፋት" የሚለው ቃል ለኔ ቀላል ቃል አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በዚያው ሰሞን ለአክስቴ ስለ አንድ ሰው ስታወራ "ነፍስ አጥፍቶ ታስሯል" ስትል ሰምቻለሁ። ኮምፒውተርም ይጠፋል፣ ነፍስም ይጠፋል። ሁለት ነፍስ ያለበትን ኮምፒውተር ማጥፋት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ከደብተሬ ብጣሽ ቀድጄ ጻፍኩና በሙጫ ስክሪኑ ግርጌ ለጠፍኩት። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አክስቴ ከሆስፒታል ልብስ ልትወስድ መጣች። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ያዘቻት።

"እንዴት አደረች?"

"ምን እንዴት አደረች ትያለሽ! ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ላይ ናት።"

"ባልየውስ?"

"ከአልጋዋ ሥር ንቅንቅ አልል ብሏል።"

ነፍስ ግቢ፣ ነፍስ ውጪ። ይሄን ቋንቋ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። ሲመሽ "ነይ ግቢ!" የምባለው እኔ ነኝ፤ ጓዳ ውስጥ ሰው እግር ሥር ስገባ "ውጪ!" የምባለውም እኔ ነኝ። እንግዲህ አንድ ቁጡ ሰው በር ላይ ቆሞ የእማዬን ነፍስ ግቢ ውጪ፣ ግቢ ውጪ እያለ ያመላልሳታል ማለት ነው። ሰው በሞትና በሕይወት መሀል ሲሆን እንደዚያ እንደሚባል ያወቅኩት አድጌ ነው። ሳውቀውም ቁጡው ሰውዬ ከዓይኔ አልሄደም።

በዚያው ቀን ከግማሽ ቀን ትምህርት ስመለስ ቁልፉን ከልብስ ሰፊዋ ተቀበልኩ። "ማንም አልመጣም፣ ብቻሽን እንዳትፈሪ በሩን ክፍት አድርጊው" አለችኝ። ገባሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ማሽኑ ብቻ ያንኮራፋል። ስክሪኑን አየሁት። ትንሹ ሰውዬ ሃያ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የለም። ሃያ አንደኛው ውስጥ፣ መሰላሉ ሥር ቆሟል።

ማንም አልነካውም። ማንም አልመጣም። ቀና ብዬ ነፍሶቹን ቆጠርኩ፣ ሁለት ናቸው። ልቀመጥ እጄን ወንበሩ ላይ ሳሳርፍ ወንበሩ ይሞቃል።

አልጮህኩም። እንዲያውም፣ ልክ እንደዚህ ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ያ ቁጡ ሰውዬ "ውጪ!" ሲላት የት ትሄዳለች? ቤቷ ነዋ የምትመጣው! ኪቦርዱ ጎን ሁለት ስስ ነገሮች ወድቀው አገኘሁ፤ እንደ እሳት እራት ክንፍ ሳስተው ተጠቅልለዋል፣ ጠርዛቸው ቀይ ነው። ነፍስ ክንፍ እንዳላት ሰምቻለሁ። አንስቼ ክብሪት ሣጥን ውስጥ ደበቅኳቸው።

ረቡዕ አሥራ ሰባተኛው ክፍል ነበር። ሐሙስ ሃያኛው። ወደ ኋላ እየተመለሰች ስትሄድ የጠፋባትን ነገር የምትፈልግ መሰለኝ። በየቀኑ ወንበሩ ይሞቃል፣ በየቀኑ ክንፍ አገኛለሁ። ለሷ ብዬ ወንበሩ ላይ ትራስ አደረግኩ። ስመለስ ትራሱ ተጨፍልቋል።

ረቡዕ ማታ አባዬ ልብስ ሊቀይር መጣ። ጺሙ አድጓል፣ ሸሚዙ የሆስፒታል ሽታ ይሸታል። ራት ቀርቦለት ሳይነካው ትልቅ ሚሊሜትር ወረቀት ዘርግቶ ይሥል ጀመር። ክፍል፣ በር፣ መሰላል፣ ሌላ ክፍል።

"ምንድን ነው አባዬ?"

"ቤት ነው።"

"የማን ቤት?"

"መውጫው የጠፋ ቤት" አለኝ ቀና ሳይል። ገባኝ። ሆስፒታሉን ነው የሚሥለው። እማዬን ሰርቆ ሊያወጣት መንገዱን እያጠና ነው። ለማንም አልናገርም ብዬ በልቤ ማልኩ።

ሐሙስ ግን አፌ አመለጠኝ። አክስቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ "እማዬ እኮ ቀን ቀን ትመጣለች" አልኳት። ማበጠሪያው ፀጉሬ ውስጥ ቀረ።

"ምን አልሽ?"

"ትጫወትና ትሄዳለች። ወንበሩ ይሞቃል።"

"ዝም በይ! ምን ዓይነት አፍ ነው ይሄ! የሰው ነፍስ በገመድ ተንጠልጥሎ!" እያለች ተነሳች፣ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ። "ይሄ ጉደኛ ነገር ነው ልጅቷን ያሳበዳት፣ ይጥፋ!" እጇ ማጥፊያው ላይ ሲደርስ አባዬ በጓሮ በር ይገባ ነበር። "ተይው!" አላት። አባዬ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። አክስቴ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች።

አሁን ወደ ዓርብ ልምጣ። ላልመጣ ብል ደስ ባለኝ።

ዓርብ ጠዋት አክስቴ ገና ሳትነሳ ወደ ስክሪኑ ሄድኩ። ሰውዬው ሃያ ሦስተኛው ክፍል ተመልሷል። ቆሞ ጉድጓዱን ያያል። በሩ ከማዶ ነው። ልረዳት ፈለግኩ። የቀኙን ቁልፍ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ነካሁ። ሰውዬው ሦስት እርምጃ ሄዶ ጫፉ ላይ ቆመ፣ የጫማው አፍንጫ ከጉድጓዱ በላይ ወጣ። አፌን ወደ ስክሪኑ አስጠግቼ "ግቢ፣ እማዬ። ግቢ" አልኳትና ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህር ስላልመጣ ቶሎ ለቀቁን። ልብስ ሰፊዋ ከሱቋ አልነበረችም፤ ቁልፉን ከመስኮቷ ደፍ ላይ አነሳሁ። በራችን ላይ ስደርስ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። የኪቦርድ ድምፅ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እማዬ ውስጥ ናት፣ በእንጨት ብቻ ነው የተለያየነው። ልግባ ወይስ ካየኋት ትጠፋለች? ቁልፉ እጄ ላይ ላብ ጠጣ።

ከዚያ ያ ዜማ ተሰማ። ሰውዬው ጉድጓድ ሲገባ ማሽኑ የሚዘፍናት፣ ከላይ ወደ ታች የምትወርድ አጭር ዜማ። ከሷ በኋላ ዝምታ። ከዝምታው በኋላ የሰው ድምፅ የሚመስል አንድ ነገር፣ ከዚያ የጓሮው በር።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ማንም የለም። ወንበሩ ይሞቃል። ግራ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ሰው ብቻ ቀርቷል።

ማታ ቤቱ በሰው ሲሞላ፣ አክስቴ ወለሉ ላይ ስትንከባለል፣ ሰዎች "አንዱ ተረፈ፣ እሱም ተመስገን ነው" ሲባባሉ፣ እኔ የምሰማው አዲስ ነገር አልነበረም። አንዲት ሴት አቅፋኝ "እማዬ ሩቅ አገር ሄደች፣ ግን ወንድም አለሽ" ስትለኝ "አውቃለሁ፣ አንድ ነው የቀረው" አልኳት። እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። ወደ ጫፉ ያስጠጋኋት እኔ ነኝ። ነፍስ ያጠፋ ሰው እንደሚታሰር አውቃለሁና ለብዙ ሳምንታት በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር እገባ ነበር።

አባዬ በማግስቱ ማሽኑ ፊት ብዙ ተቀመጠ። አንድ ነገር ነካካ፣ ፍሎፒውን አወጣ፣ ብጣሼን ከስክሪኑ ላይ ቀስ አድርጎ ላጠ። ሁሉንም ካርቶን ውስጥ አስቀመጠ። ዞር ሲል የክብሪት ሣጥኔን ጨመርኩበት። ከዚያ በሲባጎ ቋጠረው።

እነሆ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ቋጠሮው ተቆርጧል።

ትንሹ ፍሎፒውን ማንበቢያው ውስጥ ከቶ ጌሙን ወደ ላፕቶፑ ገለበጠው። መጀመሪያ አልሠራም። ላፕቶፑ ይሄ ፕሮግራም እዚህ ማሽን ላይ አይሠራም ብሎ ጻፈ። "ተመስገን" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ትንሹ ገላመጠኝ። ቀጥሎ አዲሱን ማሽን አሮጌ እንዲመስል የሚያደርግ ፕሮግራም ጫነ። ጥቁር መስኮት ተከፈተ፣ አረንጓዴ ፊደል ዘነበ። የጌሙ መግቢያ ላይ ሰውዬው ብቻውን እየተጫወተ ራሱን የሚያሳይበት ቦታ ነበር። ያን ጊዜ ቀስ እያለ ይሄድ ነበር። አሁን ግን እንደሚያሳድዱት ሰው ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወደቀ። ሦስት ነፍስ ዓይን እስኪርገበገብ አለቀ። የመውደቂያዋ ዜማ እንደ ወፍ ጩኸት ሆነች።

"ዝጋው!"

"ኧረ ቆይ፣ ቀላል ነው። የተሠራው ለድሮ ማሽን ነው። ጊዜውን የሚቆጥረው በማሽኑ የልብ ትርታ ነው፤ የዛሬው ማሽን ልቡ በጣም ይመታል። ትርታውን ልቀንስለት።" ቀነሰለት። ከዚያ ደግሞ "እንዴ፣ ሴቭ የተደረገ አለ!" አለ።

ሃያ ሦስተኛው ክፍል ተከፈተ። ሰውዬው ጉድጓዱ ፊት ቆሟል። ግራ ጥግ ላይ አንድ።

"ማነው እዚህ የደረሰው? አንቺ ነሽ?"

"እማዬ ናት።"

ትንሹ ጣቱ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። እሱን ያሳደገችው አክስቴ ናት፤ "እማዬ" የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። "እማዬ እዚህ ጋ ነው ያቆመችው?" አለ ቀስ ብሎ። የሷን ድምፅ አያውቅም፣ እጇን አያውቅም። የነካችው ነገር ፊቱ ተቀምጧል። ጣቱ ወደ ቁልፉ ሲሄድ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"አትንካው። አንድ ነው የቀረው፣ ትንሹ። አንድ ነው!"

"ጌም ነው እኮ እትዬ..."

"አንተ ነህ!"

ተናገርኩት። በቃ። ሠላሳ አንድ ዓመት የዋጥኩትን ነገር ምኑንም ሳላስቀር አወጣሁት፤ ብጣሹን፣ የሚሞቀውን ወንበር፣ ክንፎቹን፣ ዓርብ ጠዋት የነካሁትን ቁልፍ። እያለቀስኩ፣ ማረጋገጫ እንዲሆነኝ ሚሊሜትር ወረቀቱን ዘረጋሁለት፣ "አባዬ ሆስፒታሉን ሥሎ ሊያወጣት ሲያጠና ነው እኔ የቀደምኩት" ለማለት። ትንሹ ወረቀቱን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ።

"እትዬ፣ ይሄ ሆስፒታል አይደለም።"

አየሁት። መሰላሉ፣ በሩ፣ ለሁለት የተሰነጠቀው ወለል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ስፋቱ በእርምጃ ተለክቶ ተጽፎበታል። ክፍሎቹ ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ተቆጥረዋል። ሃያ አራት የሚል ባዶ አራት ማዕዘን አለ።

"እኔ ነኝ የጣልኳት" አለ አባዬ።

ዓይኑን ገልጧል። ከመስኮቱ ሥር፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ስክሪኑን ያያል።

"ሆስፒታሉ በምሳ ሰዓት ጠያቂ ያስወጣ ነበር። መሄጃ አልነበረኝም፣ በጓሮ ገባሁ። ብጣሽሽን አየኋት። ልጄ አንድ የምታምነው ነገር አላት፣ እኔ ምንም አልነበረኝም። ባንቺ እምነት ተጠጋሁ።" ትንፋሽ ወሰደ። "ሐኪሙ ሁለቱንም ማትረፍ ይከብዳል ብሎኛል። የጌሙን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ አነበብኩ። ሃያ አራተኛው ክፍል ውስጥ ትርፍ ነፍስ አለ ይላል። ሁለቱን ሦስት ላደርጋቸው ነበር። ሦስት ከሆኑ፣ አንዷ ብትሄድ እንኳ ሁለት ይቀራሉ።"

እንደዚህ ያለ ሂሳብ አስተምሬ አላውቅም።

"መዝለል አልችልም ነበር፣ ታውቂያለሽ። ወደ ኋላ እየተመለስኩ ትንንሾቹ ጉድጓዶች ላይ ተለማመድኩ። ለካሁ፣ ሣልኩ። እርሳሴን እዚያው ነበር የምቀርጸው።" ትንሹ የክብሪት ሣጥኑን ከፍቶ አየ፣ ለኔም አሳየኝ። የቀይ እርሳስ ቅርፊት ነው። "ዓርብ ዕለት ዘለልኩ። ገባሁ። ሮጬ ስመለስ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።"

"አባዬ፣ ጫፉ ላይ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ እኮ። ጠዋት።"

"አይቼዋለሁ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ መለስኩት። ከዚያ ነው የዘለልኩት። አንቺ የለሽበትም፣ ልጄ።"

ሦስት እርምጃ። ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኳቸው ሦስት እርምጃዎች በዚያው ቀን ተመልሰው ነበር። አንድ ቃል ብንነጋገር ኖሮ! አባቴ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ጉልበቱ ላይ አለቀስኩ። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ።

"ቆይ ቆይ" አለ ትንሹ። "እናቴን የገደላት ደም ግፊት ነው። የሐኪሙን ወረቀት አንብቤዋለሁ።"

"እናውቃለን" አልን አባዬና እኔ።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ እናውቃለን።"

"እና እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ካርቶን ውስጥ ነው የኖርኩት? ለዚህ ነው ብስክሌት የከለከላችሁኝ?" ሊያስቀን ነው፤ ድምፁ ግን ተሰብሯል። "እሺ፣ ላጥፋው እንግዲህ።"

"እንዳታጠፋው!" አልን ሁለታችንም።

"መጫወት ክልክል፣ ማጥፋት ክልክል። ምን ላድርገው፣ ላሳድገው?" ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወንበሩን አስጠጋ። "ነፍሷ የኔ ናት ካላችሁ፣ እኔው ነኝ የምዘልላት።"

የሚከለክለው ሰው ጠፋ። አባዬ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

"ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ" አለው። "አሁን ሩጥ። እኔ ቸኩዬ ነው የወደቅኩት። ጫፉ እግርህ ሥር እስኪደርስ አትዝለል። አትዝለል። አትዝለል... አሁን!"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ያችን ዜማ ጠበቅኩ። አልመጣችም። ስገልጥ ሰውዬው ከማዶ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ትንሹ አስገባው። ሃያ አራተኛው ክፍል ጠባብ ነው፤ መደርደሪያ ላይ አንድ ሚጢጢ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ሲነካው ደወል መሰል ድምፅ ተሰማ። ግራ ጥግ ላይ ሁለት ሆኑ።

ከዚያ አባዬ "እርሳስ አምጪልኝ" አለኝ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በባዶው አራት ማዕዘን ውስጥ ክፍሉን ሣለ። መስመሩ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው።

ትንሹ ሲሄድ "ሰኞ ሥራ አለኝ፣ ላፕቶፑ ያስፈልገኛል" ብሎ ትንሽ አጉረመረመ፣ ያዘነለት ግን የለም። ጥሎት ሄደ። ቻርጀሩን የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቴ ተመልሼ አየሁት።

እሁድ ጠዋት ዳቦ ይዤ መጣሁ። አባዬ መስኮቱ ሥር ዓይኑን ጨፍኗል። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ በርቷል። ሰውዬው ሃያ ስድስተኛው ክፍል ውስጥ፣ መሰላሉ ሥር ቆሟል። ሁለቱም ነፍሶች አሉ።

"አባዬ፣ ማነው የነካው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተኝቼ ነበር" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ኪቦርዱ ጎን አንድ ስስ ቅርፊት ወድቋል። አንስቼ ክብሪት ሣጥኑ ውስጥ ከድሮዎቹ ጋር አስቀመጥኩት። ከዚያ ወንበሩን በእጄ ዳሰስኩት። ይሞቃል።